ጆሮሽን እያመመሽ «ደህና ነኝ» አትበይ

ደብዳቤው፦

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ። 29 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ጥር ላይ እንጋባለን። ለጫጉላ ስድስት ሌሊት ዛንዚባር ልናድር ትኬት ቆርጠናል። እጮኛዬ ግን ‹ስኩባ ዳይቪንግ (አየር የተሞላ ሲሊንደር ተሸክሞ ባህር ውስጥ መጥለቅ) ተምረን ሰርተፍኬት ይዘን እንመለሳለን› ብሎ ተነስቷል። ፕሮግራሙንም አውጥቶታል። መጀመሪያ ከተማውን እንዞራለን፣ ከዚያ ሦስት ቀን ትምህርት፣ በመጨረሻው ቀን ጠዋት ጠልቀን ከሰዓት በረራ። እኔ ዋና ተምሬያለሁ ከተባለ ሶደሬ ገንዳ ጥግ ጥጉን ነው። ሳይነስ አለብኝ። ሻርክ እፈራለሁ። እናቴ ደግሞ ‹ባህር ውስጥ ምን ጥሎሽ፣ ኦክስጅኑ ቢያልቅስ?› እያለች እንቅልፍ አጥታለች። ግን እሱ በጣም ስለጓጓ እምቢ ማለት ከበደኝ። ምን ትመክሪኛለሽ? ፀጉሬንስ ምን ላድርገው?

ሙሽሪት»

ሙሽሪት፣ እንኳን ደስ አለሽ! ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከሁሉ ያስደነገጠችኝ «እምቢ ማለት ከበደኝ» የምትለዋ ናት። ሻርኩን ተዪው፣ እመጣበታለሁ።

ለምን እንዳስደነገጠችኝ ልንገርሽ። እኔም ከዓመታት በፊት እዚያው ዛንዚባር ልማር ሄጄ ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ ገመድ ይዘን ቀስ እያልን ስንወርድ፣ አራት ሜትር ያህል እንደደረስን፣ ግራ ጆሮዬ ውስጥ መርፌ የገባ መሰለኝ። አስተማሪው ዞር ብሎ በእጁ «ደህና ነሽ?» አለኝ። ከታች አራት ፈረንጆች አሸዋው ላይ ተንበርክከው ወደ ላይ እያዩ ይጠብቁኛል። «አሁን እኔ ብመለስ ሁሉም በኔ ምክንያት ሊመለሱ ነው» ብዬ አሰብኩ። ደህና ነኝ አልኩት። አንድ ሜትር ወረድን። አሁንም ደህና ነኝ አልኩት። ከዚያ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ፣ ትንሽ አዞረኝ፣ ከዚያ ዝም። አዲስ አበባ ስመለስ የጆሮ ሐኪሙ ታምቡሬ ደም መቋጠሩን ነገረኝ፤ ሦስት ሳምንት ሰው ሲያናግረኝ በቀኝ ጆሮዬ እየዞርኩ ነበር የምሰማው። ኮርሱም ተቋርጦ ቀረ። ሌላ ጊዜ ተመልሼ ነው የጨረስኩት።

ለማላውቃቸው አራት ፈረንጆች ይሉኝታ ብዬ! አንቺ ደግሞ ለምትወጂው ሰው ምን ልታደርጊ እንደምትችይ አስቢው።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት ይህን ከእጮኛሽ ጋር ተነጋገሩ። «እሞክራለሁ፣ ካልተመቸኝ ግን የትኛውም ሰዓት ላይ አቆማለሁ፣ አንተም አትከፋም» ብለሽ በቃል አስሪው። ዳይቪንግ ውስጥ ማንኛውም ሰው፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ምክንያት ሳይናገር «ይብቃኝ» ማለት ይችላል፣ የሚቆጣም የለም። ይህ ባለሙያዎቹ ራሳቸው የሚከተሉት ደንብ ነው። እጮኛሽ ይህን ሰምቶ ፊቱን ካጠቆረ፣ ያኔ ስለ ዳይቪንግ ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር ጻፊልኝ።

አሁን ወደ ጆሮው። ዓባይ በረሃ ወርደሽ ታውቂያለሽ? ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርጂ ጆሮሽ ድፍን ይላል፣ ምራቅሽን ስትውጪ ወይም ስታዛጊ ይከፈታል። ያ ሁሉ ጠመዝማዛ፣ ያ ሁሉ ቁልቁለት ጆሮሽ ላይ የሚጨምረው ግፊት ውሃ ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብትወርጂ ከሚመጣው ጋር እኩል ነው። አንድ ሜትር ተኩል! በመኪና ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የሚፈጀውን ውሃ ውስጥ በጥቂት ሰከንድ ታልፊዋለሽ። አሥር ሜትር ላይ ደግሞ ግፊቱ ከላይ ካለው እጥፍ ነው። ስለዚህ ጆሮ የሚከፈተው እስኪያም ተጠብቆ አይደለም። አፍንጫሽን በጣትሽ ይዘሽ በቀስታ እፍ ማለት ነው፣ ገና ራስሽ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጀምረሽ፣ በየሜትሩ፣ አንዳንዴም በየግማሽ ሜትሩ። በኃይል እንዳትነፊ፣ እሱም ራሱን የቻለ ጉዳት አለው። አልከፈት ካለሽ አንድ ሜትር ወደ ላይ ተመልሰሽ እንደገና ሞክሪ። እምቢ ካለ የዚያን ቀን በቃ። ምልክቱ ቀላል ነው፤ መዳፍሽን ዘርግተሽ ግራ ቀኝ ታወዛውዢና ጆሮሽን ትጠቁሚያለሽ።

ሳይነስ ያልሽው ለዚህ ነው ቀላል የማይሆነው። አፍንጫና ግንባር ውስጥ ያሉት ክፍተቶች እንደ ጆሮ አየር የያዙ ናቸው። ሲታፈኑ ግፊቱን ማስተካከል አይችሉም፣ ግንባርሽን ሰንጥቆ የሚገባ ሕመም ያመጣሉ። አንዳንዱ ሰው መድኃኒት ውጦ ይገባል። መድኃኒቱ ታች እያለሽ ኃይሉ ካለቀ ግን ችግሩ የሚመጣው ስትወጪ ነው፤ አየሩ መውጫ ያጣል። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። እዚያም ስትደርሺ የጤና መጠይቅ ያስሞሉሻል። አንዳንድ ጥያቄ ላይ «አዎ» ካልሽ የሐኪም ፊርማ ይጠይቁሻል። ብዙ ሰው ለዚህ ሲል «የለብኝም» ብሎ ይፈርማል። አንቺ ፎርሙን አስቀድመሽ ከትምህርት ቤቱ አስልኪና እዚሁ አዲስ አበባ አስፈርመሽ ሂጂ። ሌላም አለ፤ ሙሽራ ነሽና ልበለው። እርግዝና ካለ ወይም ከተጠረጠረ ዳይቪንግ የለም። ለፅንሱ ስለማይመከር ነው።

የእጮኛሽ ፕሮግራም ግን… ይቅርታ አድርጊልኝና ይህ ሰውዬ ካላንደር እንጂ ዳይቪንግ አላነበበም። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ጠልቆ ከሰዓት መብረር አይቻልም። አይመከርም ሳይሆን አይቻልም ነው የምልሽ።

ምክንያቱን በአምቦ ውሃ ልንገርሽ። ጠርሙሱ ተዘግቶ ሳለ ጋዙ ውስጥ አለ ግን አይታይም። ክዳኑን በአንዴ ስትከፍቺው ይፈላል። ታች ስትሆኚ የምትተነፍሺው አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በግፊቱ ምክንያት ደምሽና ሥጋሽ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብለሽ ከወጣሽ ቀስ ብሎ በሳንባሽ ይወጣል። ቶሎ ግፊቱ ከቀነሰ ግን አምቦው ይከፈታል፤ አረፋው ውስጥሽ ይሠራል። መገጣጠሚያ ማመም፣ እጅና እግር መደንዘዝ፣ ማዞር፣ ከልክ ያለፈ ድካም፣ ከዚያም የባሰ። ለዚህ ነው ስትወጪ አምስት ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቆማችሁ የምትጠብቁት።

አውሮፕላን ውስጥ ደግሞ ግፊቱ እንደገና ይቀንሳል፤ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለሽ ያህል ሊሆን ይችላል። ሌላ አገር ላይ ሰው ሲያርፍ ወደ ባህር ጠለል ይመለሳል። እኛስ? ቦሌ ራሱ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከአውሮፕላን ወርደሽም ከከፍታ አልወረድሽም! ዳን የሚባለው የጠላቂዎች የደህንነት ድርጅት አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበር ይቆይ ይላል። እኔ ለአዲስ አበባ ሰው 24 ሰዓት ሙሉ ነው የምለው፣ አንድ ቀን ቢተርፍሽ ደግሞ የተሻለ።

ስለዚህ ፕሮግራሙን ገልብጡት። የደረሳችሁ ዕለት ዕረፉ፤ የሠርግ ድካም ቀልድ አይደለም፣ ስትጨፍሩ የከረማችሁ ናችሁ። ከማግስቱ ጀምራችሁ ሦስት ቀን ተማሩ፣ አራተኛውን ለመጠባበቂያ ያዙ፤ አየሩ ቢከፋ ወይም ጆሮሽ ቢያስቸግርሽ ይጠቅማችኋል። አሮጌውን ከተማ ስቶን ታውንን፣ የቅመም እርሻውን፣ ቻንጉ ደሴት ላይ ያሉትን ግዙፍ ኤሊዎች ለመጨረሻ ቀን አስቀሩ። ኤሊዎቹ የትም አይሄዱም። ከዳይቪንግ በኋላ ሰውነትሽ ላይ እንግዳ ነገር ከተሰማሽ «የሠርግ ድካም ነው» ብለሽ እንዳታልፊው፣ ወዲያው ተናገሪ።

ጥር መሆኑ ግን ዕድላችሁ ነው። ዛንዚባሮች ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ወቅት ነው፣ ደረቅና ሞቃት፣ ውሃው ራሱ 28 ዲግሪ አካባቢ። እንደ ብዙ ሰው ከፋሲካ በኋላ ብታገቡ ኖሮ ማሲካ ይቀበላችሁ ነበር፤ ማሲካ ማለት ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ረጅሙ ዝናብ ነው። ፋሲካና ማሲካ አብረው አይሄዱም።

ዋናው ላይ እውነቱን ልንገርሽ። ሶደሬ ጥግ ጥጉን አይበቃም። ለሙሉው ሰርተፍኬት 200 ሜትር ሳታቋርጪ መዋኘት፣ ደግሞ አሥር ደቂቃ ምንም ሳትይዢ ውሃ ላይ መቆየት ይጠበቅብሻል። ሰዓት አይያዝብሽም፣ እንደፈለግሽ ዋኚ፣ በጀርባሽም ቢሆን ይሁን። ማስክ፣ ማነቂያ… ውይ፣ ማስክ፣ የመተንፈሻ ቱቦና የእግር ክንፍ ካደረግሽ ደግሞ 300 ሜትር ነው። (እጄ ራሱ ፈራ መሰለኝ።) እስከ ጥር ሁለት ወር አለሽ። በሳምንት ሁለት ቀን ገንዳ ግቢ፣ አስተማሪ ያዢ፣ ርቀቱን ሳይሆን መጀመሪያ መንሳፈፉን ተማሪ። ውሃ ላይ በጀርባዋ ተኝታ ሰማይ እያየች መተንፈስ የምትችል ሴት ብዙ ነገር አታስፈራትም።

ቤትም ልምምድ አለ። ሳፋ ውሃ ሙይ፣ የመተንፈሻ ቱቦውን አፍሽ ላይ አድርጊ፣ ያለ ማስክ ፊትሽን ንከሪና በአፍሽ ብቻ ተንፍሺ። አፍንጫሽ ክፍት ሆኖ ውሃ እየነካው። መጀመሪያ ትደነግጪያለሽ፣ ቀና ትያለሽ፣ ትስያለሽ፣ እናትሽ በሩ ላይ ቆማ ታማትባለች። በአራተኛው ቀን አምስት ደቂቃ ትቆያለሽ። ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያስበረግገው ማስኩ ውስጥ ውሃ ሲገባ ነው፤ መፍትሔው ደግሞ ቀና ብለሽ የማስኩን የላይ ጠርዝ ግንባርሽ ላይ ጫን አድርገሽ በአፍንጫሽ መንፋት ብቻ ነው፣ ውሃው በሥር ይወጣል። አፍንጫው ውሃ የለመደ ሰው ግን አይበረግግም። ሳፋው ያስተማረኝ ከአስተማሪው ይበልጣል ብል ውሸት አይሆንብኝም።

ሁለት ወሩ ካልበቃሽስ? የሙከራ መጥለቅ የሚባል አለ። በአንድ ቀን ያልቃል፣ ሰርተፍኬት የለውም፣ ከ12 ሜትር በላይ አያስወርዱሽም፣ አስተማሪው ከጎንሽ አይለይም። እሱ ሰርተፍኬቱን ይያዝ፣ አንቺ ሙከራውን አድርጊ። ሰርተፍኬቱን የያዘው እንኳ የሚፈቀድለት 18 ሜትር ድረስ ነው፤ ደግሞ ደስ የሚለው ነገር ብዙው ያለው ከላይ ነው፣ ብርሃኑ ባለበት። ሙሉውን ከወሰድሽ ደግሞ የንባብ ክፍሉን በኢንተርኔት እዚሁ ጨርሺው። ጫጉላ ላይ ተቀምጦ ፈተና ማጥናት ምን ይባላል?

ትምህርት ቤት ስትመርጡ ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። ስንት ተማሪ በአንድ አስተማሪ? ደንቡ ባህር ላይ እስከ ስምንት ይፈቅዳል፤ አንቺ ከአራት በላይ ከሆነ ሌላ ፈልጊ። ጀልባው ላይ የድንገተኛ ኦክስጅን አለ? የቅርቡ የግፊት ሕክምና ክፍል (ያ አረፋ የያዘው ሰው የሚታከምበት) የት ነው? ሳይንተባተብ የሚመልስልሽ ቦታ ጥሩ ነው። ዋጋው ጀልባውንና የምኔምባን የጥበቃ ክፍያ ይጨምራል ወይ በሉ። ምኔምባ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለች ትንሽ ደሴት ናት፣ ዙሪያዋን ኮራል የከበባት፤ አረንጓዴ የባህር ኤሊዎች እንቁላል የሚጥሉባት። ማደሪያ ደግሞ በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ ይሻላችኋል። በምሥራቁ ዳርቻ ባህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ለመዋኘት ብለሽ ወጥተሽ ኪሎ ሜትር ሙሉ ጭቃና ድንጋይ ልታገኚ ትችያለሽ።

ለእናትሽ ይህን ንገሪያት። ሲሊንደሩ ውስጥ ኦክስጅን ብቻውን የለም። አሁን የምትተነፍሰው ተራ አየር ነው፣ ተጠቅጥቆ የገባ። እንዲያውም ንጹሕ ኦክስጅን ከስድስት ሜትር በታች መርዝ ሊሆን ይችላል። የቀረውን አየር የሚያሳይ መለኪያ አለው፤ ሲጀመር 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያሳያል፣ 50 ሲቀር ጀልባው ላይ መሆን ነው ልማዱ። ቢያልቅ እንኳ ከጎንሽ ያለው ሰው ሁለተኛ መተንፈሻ ይዟል፣ ብዙ ጊዜ ቢጫ ነው፣ ለዚሁ ብሎ የሚይዘው። አንድ ነገር ብቻ በፍጹም አይደረግም፤ ትንፋሽ መያዝ። ከአሥር ሜትር ወደ ላይ ስትወጪ ሳንባሽ ውስጥ ያለው አየር እጥፍ ይሆናል። ከዛንዚባር ታሽጎ የመጣ የድንች ጥብስ ላስቲክ አዲስ አበባ ሲደርስ ተነፍቶ አይተሽ ታውቂ የለ? እሱ ነው፣ ግን በጣም የባሰ። ስለዚህ ሁልጊዜ መተንፈስ፣ በዝግታ፣ እንደተኛ ሰው።

የእጅ ምልክቱንም አሁኑኑ ልመጂ። እኛ አውራ ጣት ወደ ላይ ስናደርግ «አሪፍ ነው» ማለታችን ነው። እዚያ «ወደ ላይ እንውጣ» ማለት ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን በጣም ደስ ብሎኝ አውራ ጣቴን ባሳየሁ ቁጥር አስተማሪው ክንዴን ይዞ ያወጣኛል። ሦስት ጊዜ! ሦስተኛው ላይ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ማስኩ ውሃ ሞላ። «ደህና ነኝ» የሚባለው አውራ ጣትና ሌባ ጣትን አገናኝቶ ቀለበት በመሥራት ነው። ይህችን ቀለበት ደግሞ እውነት ሲሆን ብቻ አሳያት።

ሻርኩ፦ ምኔምባ አካባቢ ሻርክ ማየት ዕድል ነው እንጂ ስጋት አይደለም። ይልቅ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ እሾሃማውን የባህር ጃርት እንዳትረግጪ። ጀርባሽን ፀሐይ እንዳያቃጥልሽ። ምንም ነገር አትንኪ፣ ኮራሉንም፣ ኤሊውንም።

እንሶስላ ከሞቅሽ አንድ ነገር እይልኝ። ቀይ ቀለም ውሃ ውስጥ ቀድሞ የሚጠፋ ነው። አሥር ሜትር ላይ ስትደርሺ እጅሽን ተመልከቺው፤ ቀዩ ጠፍቶ ጠቆር ያለ ቡኒ ይሆንብሻል። አስተማሪሽ መብራት ካለው ያብራበት፣ ቀለሙ በአንዴ ይመለሳል። እኔ ቀይ የጥፍር ቀለሜን በዚያ መንገድ ሳየው ስቄ ውሃ ጠጥቻለሁ።

ፀጉርሽን ሹሩባ ተሠሪው፣ ወደ ኋላ፣ ቀጠን ያለና ጥብቅ። ከዚያ የተሻለ የለም። አንዲት ፀጉር ማስኩ ሥር ከገባች ውሃ ታስገባለች፣ ፈረንጆቹ ሲታገሉ የሚውሉት በዚህ ነው። የእጮኛሽ ጢም ግን፣ ከአፍንጫው ሥር ያለው፣ ማስኩን እንዳይገጥም ያደርገዋል። ለሠርጉ ሊያሳድገው አስቦ ከሆነ ፎቶው ካለቀ በኋላ መቀስ ያንሳ።